የመሐሉ ቫልቭ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር፤ ያቆሰለውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሠላሳ ሜትር በታች የሚወርድ የግድቡ ጠላቂ ሁሉ ከእንግዲህ በአንድ የአየር ሲሊንደር መውረድ አይችልም፤ መንታ ሲሊንደር ይሸከማል፣ በመንታ የመሥራት ሥልጠና ይወስዳል፣ ይፈተናል፣ ፈተናውን ያላለፈ ውሃ አይገባም ይላል። አሠልጣኟ ደብዳቤውን የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስትሰካ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ያነብ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፈታኝ በሚለው ቦታ የልጁ ስም መኖሩን ያየው በሁለተኛው ነው።

«እንግዲህ ልትፈትኚኝ ነዋ» አለ።

«ሁሉንም ነው አባዬ።»

«ሁሉንም ነው» ብሎ ደገመና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

የጠላቂዎቹን ክፍል የሚያስቀው በያጁ ነበር። በያጁ ያሉት ውሃ ውስጥ ብረት ስለሚበይድ ነው፤ ከውሃ ውጭ ደግሞ ነገር ይበይዳል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ እየሳበ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባቷም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ቀልዱ ባልከፋ። በዚያ ክፍል ውስጥ አባቷ ያላስተማረው ጠላቂ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከግድቡ በሮች ሥር እየገባ ሲያጸዳ፣ ሲጠግን፣ የተጣበቀ ሲያላቅቅ የኖረ ሰው ነው። ከውሃ ብቅ ሲል በአፍንጫው ውሃ እየረጨ ስለሚያናፋ «ጋሽ ጉማሬ» ብለውት ስሙ በዚያው ቀርቷል፤ የደመወዝ ክፍሏ ጸሐፊ ሳትቀር እንዲያ ነው የምትጠራው። ልጁንም ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ሌሎች አባቶች ለሴት ልጃቸው ጫማ ሲመርጡ እሱ የእርሳስ ቀበቶ ይመርጥላት ነበር፤ እናቷ ስንት ጊዜ ተጣልታዋለች።

ጣጣው ያለው ትከሻው ላይ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የአንዱ በር ሰንሰለት ተበጥሶ ቀኝ ትከሻውን መትቶታል። ሐኪሙ ድኗል አለ፤ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ከጆሮው በላይ ወጥቶ አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ በአንድ ሲሊንደር ሲወርዱ እጅን ከጭንቅላት ኋላ የሚያሰድድ ሥራ አልነበረማ። ቤት ውስጥ ግን ይታወቃል። ኮት ሲለብስ እጅጌውን የምትይዝለት እናቷ ናት። ጸጉሩን የሚያበጥረው በግራው ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ አውርድ ከተባለ ደግሞ ድንገት አንድ የሚደወልለት ሰው ትዝ ይለዋል።

መንታ ሲሊንደር ማለት ሁለት ከባድ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ታስረው ጀርባ ላይ ሲወጡ ነው። አንገታቸው ላይ አንድ የብረት ቱቦ ያገናኛቸዋል። ሦስት ቫልቭ አላቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ መሐል፤ ሦስቱም ከጠላቂው ጭንቅላት ኋላ። ከቀኙና ከግራው አንዳንድ መተንፈሻ ይወጣል፤ አንዱ አፍ ላይ ይያዛል፣ ሌላው ለክፉ ጊዜ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። አፉ ላይ የያዘው መተንፈሻ ተበላሽቶ አየር ማፍሰስ ከጀመረ፣ ጠላቂው እጁን ወደ ኋላ ሰዶ የዚያን ወገን ቫልቭ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ መዝጋት አለበት። ካልዘጋ የሁለቱም አየር በአንድ ቀዳዳ ተንፎልፉሎ ያልቃል። እንግዲህ ክንዱ ያልታዘዘለት ሰው መንታ ቢሸከም፣ የተሸከመው ሁለት እጥፍ አየር ሳይሆን ሁለት እጥፍ መዘዝ ነው።

ደግነቱ ሌላ መንገድ ነበር። ደንቡ ሲሊንደሮቹን የግድ ጀርባችሁ ላይ አውጡ አይልም። ግራና ቀኝ አንድ አንድ አድርጎ ብብት ሥር ማንገትም ይፈቀዳል፤ እንዲያ ሲሆን ቫልቮቹ ደረት አጠገብ ይመጣሉ፣ በዓይን ይታያሉ፣ ክንድ ማንሳት አይጠይቁም። አሠልጣኟ የጎን ማንገቻ ከሌላ ግድብ ሰዎች ለምና አስመጣች። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና አባቷን ጠራችው።

አባቷ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አየ። እጁ ዕቃ ያውቃል፤ ስፌቱን ሳበ፣ ቀለበቱን በጥፍሩ ሞከረ።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። «የማን ነው?»

«የአንተ። ጠባብ ቦታ ላይ ይሻላል ይላሉ። የቆሻሻ ማጣሪያው ብረት ሥር ስትገባ ጀርባህ አይጋጭም፤ ወገብም አይጫንም።»

«ሌሎቹስ በምን ይወርዳሉ?»

«እነሱ በጀርባ ነው የመረጡት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ማሰሪያውን ቀስ አድርጎ መለሰው። «እና እኔ ብቻዬን እንደ ውሃ ቀጂ አህያ ግራና ቀኝ ጭኜ መሰላሉን ልውረድ?»

«አባዬ፣ ትከሻህ…»

«ትከሻዬ ምን ሆነ?»

 ሦስት ዓመት ሙሉ እያየች እንዳላየች የሆነችውን ነገር ዛሬ ፊት ለፊት ስትጠየቅ የማንገቻውን ቀለበት ማገላበጥ ጀመረች። እሱም መልስ አልጠበቀም። «እንደ ሌላው ሰው አሠልጥኚኝ፣ እንደ ሌላው ሰው ፈትኚኝ» ብሏት ወጣ። ማንገቻውን አጣጥፋ ወደ ካርቶኑ መለሰችው። አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት የተለየ ዕቃ ላለመሸከም ብሎ ነፍሱን ሲያስይዝ ማየት ያበሳጫል፤ ሽማግሌው አባት ሲሆን ደግሞ የሚናደዱበትም አቅም የለም።

እሑድ ወላጆቿ ቤት ምሳ በልታ ሳህን ስታጥብ እናቷ ከጎኗ መጥታ ቆመች።

«ወረቀቱን የምትሞዪው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ሁለት ዓመት ነው ለጡረታው የቀረው።»

«እማዬ፣ እዚያ ታች እኮ ጨለማ ነው፤ አብሮት የወረደው እንኳ አያየውም። እጁ ካልደረሰ ማንም አይደርስለትም።»

«እዚህስ?» አለች እናቷ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የበዓል ቀን እንኳ ቤት ሲውል ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚዞረው። ከውሃ ካወጣሽው ዓመት አይቆይልኝም። ሰው የሚሞተው ውሃ ውስጥ ብቻ መሰለሽ?»

ልጅቷ ሳህኑን ደጋግማ አለቀለቀችው።

ሥልጠናው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ከቫልቩ በቀር አባቷን የሚደርስበት አልተገኘም። ሌሎቹ መንታው ሲከብዳቸው አንዴ እንደ ድንጋይ እየሰመጡ፣ አንዴ እንደ ቡሽ እየተንሳፈፉ ሲያስቁ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ባለበት ይቆማል። አየር አያባክንም፤ አይቸኩልም። ቫልቩ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ጆሮው አጠገብ ይቆማል። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ይላታል፤ ትሰጠዋለች።

አንድ ቀን ሳትናገር ወላጆቿ ቤት ብቅ ስትል ከጓሮ የብረት ድምፅ ሰማች። በመስኮት አየች። አባቷ ባዶ መንታ ተሸክሞ ግቢው መሐል ቆሟል፤ እናቷ የግድግዳውን ሰዓት አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። ዘዴ አግኝቷል። የትከሻውን ማሰሪያ ያላላና በግራ እጁ የሲሊንደሮቹን ቂጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያኔ ቫልቩ ወደ አንገቱ ከፍ ይልለታል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ይደርሱበታል። ሁለት ጣት ብቻ። «ሠላሳ አምስት» አለች እናቷ። «እንደገና» አለ እሱ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ልጅቷ በመጣችበት እግሯ ኮቴዋን አጥፍታ ተመለሰች። ያን ቀን የጸለየችውን ያህል ጸልያ አታውቅም፤ ይለፍልኝ አለች፤ በቃ ይለፍልኝ።

የፈተናው ቀን መጣ። ፈተናው የሚካሄደው ስድስት ሜትር ጥልቀት ባለው የመለማመጃ ገንዳ ውስጥ ነው። ሰዓት የያዘው በያጁ ነው፤ ሌሎቹ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ወደ ታች ያያሉ። አሠልጣኟ ከአባቷ ኋላ ሆና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ጀምር ማለት ነው። አባቷ ማሰሪያውን አላላ፣ ሲሊንደሮቹን ገፋ፣ በሁለት ጣቶቹ የቀኙን ቫልቭ ዘጋው፤ መተንፈሻ ቀየረ፤ ከዚያ መልሶ ከፈተው፤ ወደ ቀኙ መተንፈሻ ተመልሶ ተነፈሰበትና በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ክብ ሠርቶ «ደህና ነኝ» አለ። ከላይ ጭብጨባው ውሃ ውስጥ ድረስ ተሰማ። ሃያ ስምንት ሰከንድ።

ፈታኝ ግን ሰዓት ብቻ አይደለም የሚያየው። እጇን ሰዳ የከፈተውን ቫልቭ ነካችው። ሙሉ በሙሉ መከፈት የነበረበት ቫልቭ የተከፈተው ሩብ ዙር ብቻ ነው። ጣቶቹ ዝለው ነው፤ እዚያ ላይ ትተውታል። እሱ አላወቀም፤ በስድስት ሜትር ጥልቀት ሩብ ዙር አየር ያስተነፍሳል፤ ምንም አይመስልም። አርባ ሜትር ላይ ግን ውሃው አየሩን ጠቅጥቆ ያወፍረዋል፤ ያኔ በዚያች ቀጭን ቀዳዳ ለአንድ ትንፋሽ የሚበቃ አያልፍም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው።

አባቷ እንደ ልማዱ እያናፋ ወጣ። አቀፉት፣ ጀርባውን መቱት። «ጋሽ ጉማሬ፣ እኛን ጉድ ሠሩን እኮ! እኔ እንኳ ሃያ ዘጠኝ ነኝ!» አለ በያጁ። አሠልጣኟ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ተከትላው ገባችና በሩን ዘጋችው።

«ሃያ ስምንት ነው ያሉት?» አላት፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቷል።

«ሃያ ስምንት ነው። ግን አባዬ፣ ስትመልሰው ሩብ ዙር ነው የከፈትከው።»

«ተነፈስኩበት እኮ።»

«በስድስት ሜትር።»

እሱ ራሱ ያስተማራት ነገር ስለሆነ አልተከራከራትም። ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከውጭ ሳቅ ይሰማል።

«ማን አየ?» አለ።

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላ?»

«ማንም።»

እጇ ላይ ያለውን ቅጽ አየ፤ ብዕሩን አየ፤ እሷን አየ። አልለመናትም። ለምኗት ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ለለመነ ሰው እምቢ ማለት ይቻላል። የእናቷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል፤ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ዓመት አይቆይልኝም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጻፈው። አጎንብሳ «አላለፈም» ብላ ጻፈች። ፊደሉ ተጣመመ፤ ቢጣመምም ግን ይነበባል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ይገምታል። ባልደረቦቿ ፊት ነሷት። አለቃ ለመምሰል አባቷን በላች አሉ። በያጁ ደግሞ ሳይስቅ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አላት፤ ከሱ አፍ ያለ ሳቅ የወጣ የመጀመሪያው ተረት ሳይሆን አይቀርም። እናቷ ስልክ አነሳችላት፤ «ደህና ነሽ?» ብላ ዘጋችው። አባቷን ኃላፊው ጠርቶ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠው። ሲሊንደር ይሞላል፣ ዕቃ ያወጣል፣ ዕቃ ይረከባል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥር ያያት ግድብ በመስኮት ብቻ የምትታየው ሆነች።

ቢሆንም ሥራ አያውቅም የሚለው አልተገኘም። ግምጃ ቤቱ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ቱቦዎቹን በየርዝመታቸው ሰቀላቸው፤ በየሲሊንደሩ አንገት ላይ የሚሸከመውን ሰው ስምና የተሞላበትን ቀን የያዘ ካርድ አንጠለጠለ። ልጁን ግን አያናግራትም። «እንዴት አደርክ አባዬ» ስትለው «ደህና» ይላል፤ ዓይኑ ካርዱ ላይ ነው። አራት ወር እንዲህ አለፈ። የእሑድ ምሳም ቀረ፤ እሷ ስትገባ እሱ መኝታ ቤት እየገባ ሲተኛ፣ በእንቅልፍ ከሚያሳብብ ይቅር ብላ ተወችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛው በር ጋ ሥራ ተገኘ። ሠላሳ አምስት ሜትር ላይ የላሉ ብሎኖች አሉ፤ እሷና በያጁ ወርደው ያጠብቋቸዋል። ግምጃ ቤቱ መስኮት ጋ ስትደርስ መንታዋ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አባቷ ካርዱን አላየም፤ እሷን አያት።

«ሙሉ ነው» አላት። «ያንቺን በደንብ ነው የፈተሽኩት።»

ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ከመስኮቱ ኋላ ዞሮ ወጣ፤ በግራ እጁና በጉልበቱ አግዞ መንታውን ራሱ ጀርባዋ ላይ አወጣላት፤ ማሰሪያዋን ስቦ አጠበቀላት።  ጠላቂዎቹ ሁሉ ያያሉ፤ እንዲያዩም ፈለገች።

ወደ ውሃ የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት ሦስቱንም ቫልቮች በገዛ እጁ እየነካ «ቀኝ ክፍት፣ መሐል ክፍት፣ ግራ ክፍት» ማለት አለበት። ማንም ቢሞላው፣ ማንም ቢፈትሸው። ይህን ደንብ ለስድስት ሳምንት ያስለፈለፈቻቸው እሷ ናት። አሁን ግን አባቷ ፊት ለፊቷ ቆሟል። እጇን ወደ ኋላ ብትሰድ፣ ሰው ሁሉ እያየ «አላምንህም» ማለቷ መሰላት። እጇ ከወገቧ አልተነሳም። ይሉኝታ ስንቱን ሰው ያላመነበትን አስፈርሟል፣ ያልወደደውን አጋብቷል፤ እሷን ደግሞ ሳትፈትሽ ውሃ ሊያስገባት ነው።

በያጁ አያት። «ቫልቭሽስ?»

«ተፈትሿል» አለችው። አባቷ ፈገግ አለ፤ ወረዱ።

ታች ጨለማ ነው፤ የሚታየው የባትሪው ብርሃን የወደቀበት ብቻ ነው። መፍቻውን ይዛ ሁለተኛውን ብሎን ስታጠብቅ የቀራትን አየር የሚያሳየውን ጌጇን አየች፤ ሁለት መቶ ይላል፤ ሙሉ ማለት ነው። ሲገቡም ሁለት መቶ ነበር። ዛሬ እንዴት ረጋ ብዬ ነው የምተነፍሰው አለች በልቧ፤ አባቷ አናግሯታልና ደስ ብሏት ስለነበር መርፌው አለመነቃነቁ እንኳ የደስታዋ ምልክት መሰላት። ሦስተኛው ብሎን ላይ ሳለች ትንፋሹ ከበዳት። ቀጣዩን ስትስበው ግማሽ መጣ። ከዚያ ቀጥሎ ምንም አልመጣም።

በዚያ ጥልቀት አየር አጥቶ ወደ ላይ መሮጥ ሞት ነው። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሁለተኛውን መተንፈሻ ከግራ በኩል ሳበችና አፏ ውስጥ ከተተችው። አየር መጣ። ሁለቴ፣ ሦስቴ ተነፈሰች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ የመሐሉን ቫልቭ ያዘችው። ድርቅ ብሎ ተዘግቷል።

ነገሩ ወዲያው ገባት። የመሐሉ ቫልቭ ሲዘጋ መንታው መንታ መሆኑ ይቀራል፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ይለያያሉ። የተሞላው ግራው ብቻ ነው፤ ጌጁም የሚያነበው እሱን ነው። እሷ ስትተነፍስ የቆየችው ከባለፈው ጠለቃ የተራረፈ አየር ካለበት ከቀኙ ነው። ቫልቩን ስትከፍተው አየሩ ከሙሉው ወደ ባዶው እየጮኸ አለፈ። በያጁ ባትሪውን ፊቷ ላይ አበራ፤ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ አሳየችው። እንውጣ።

ከጥልቅ ውሃ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ በየመሐሉ ገመድ ይዞ እየቆሙ ነው፣ አለዚያ ደም ውስጥ የገባው አየር ሰው ይጎዳል። እዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ የምታስብበት ጊዜ ነበራት። አልሞተችም። አሁን አደጋ ላይ ያለው የአባቷ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ላይ ሲሊንደሩን የሞላው ሰው ስም ከገባ ግምጃ ቤቱንም ይነጥቁታል። አንዴ በእጇ ጥላዋለች፤ ሁለተኛ አልጥለውም አለች።

ውጭ ሲወጡ በያጁ ጆሮዋ ሥር መጥቶ «እኔ ምንም አላየሁም። አንቺም ምንም አልሆንሽም» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቱ የታየው ያን ቀን ነው።

እሷ ግን ጻፈች። «የመሐሉ ቫልቭ ዝግ ሆኖ ተገኝቷል። ጠላቂዋ ደንቡ የሚያዘውን ፍተሻ ሳታደርግ ገብታለች። ጥፋቱ የጠላቂዋ ነው።» ሲሊንደሩን ማን እንደሞላው አልጻፈችም። ክፋቱ ቅጹ ኃላፊው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በግምጃ ቤቱ መስኮት ያልፋል፤ ዕቃውን የተረከበው ሰው ሳያነብ አይፈርምም፣ አባቷም ሳያነብ የሚፈርም ሰው አይደለም።

አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዝግ ነበር?»

«ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት…» አለ።  «አንዱን ካንዱ ለይቼ በሳሙና አረፋ ልፈትሽልሽ ብዬ ዘጋሁት። የሚያፈስ ነገር እንዳይኖረው። የሌላውን ሰው እንዲያ አድርጌ አልፈትሽም፤ ያንቺ ነው ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ስሞላው ቶሎ አለቀልኝ። ኮምፕሬሰሩ ዛሬ ጥሩ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ግማሹን ነው የሞላሁት።»

«አባዬ፣ ያለፈ ነገር ነው። ፈርምና ስጠኝ።»

«ለምን አልፈተሽሽውም?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ሰው ሁሉ እያየን ነበር» አለች። «እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

አባቷ ቅጹን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ብዕሩን አነሳና ከጽሑፏ ሥር በግልጽ ፊደል «ቫልቩን ዘግቼ የረሳሁት፣ ሲሊንደሩንም የሞላሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን ልትነጥቀው እጇን ብትሰድም አልደረሰችበትም።

«አባዬ ተው! ይህችንም ሥራ ይወስዱብሃል!»

«ይውሰዱ» አለ። ድምፁ አልጮኸም። «የፈተናው ቀን እንደ ጠላቂ ቆጥረሽ ጣልሽኝ። አራት ወር ሙሉ ተናድጄብሻለሁ፤ ናቀችኝ ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ዛሬ አዘንሽልኝ። አዝነሽልኝ ልትሞቺብኝ ነበር። ያዋረደኝ የዛሬው ነው።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ቅጹ ላይ አስቀመጠውና ወጣ። አራት ወር ስትጠብቀው የኖረችው ቃል እንግዲህ ይኸው ተነገራት፤ በፈተናው ቀን አልበደልሽኝም ማለት እኮ ነው። የምትደሰትበት ልብ ግን አልቀረላትም።

ኃላፊው ከቁልፉ ጋር የወሰደችለትን ቅጽ አንብቦ ግንባሩን አሻሸ። አባቷ ከጊዜያቸው ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ እናደርጋለን አለ፤ እሷንም ለሦስት ወር ውሃ እንዳትገባ አገዳት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ ወደሷ ገፋ አድርጎ «እስከዚያ ግምጃ ቤቱን አንቺ ያዢው፤ ሌላ ሰው የለኝም» አላት።

በማግስቱ ጠዋት በያጁ ወደ መስኮቱ መጣ። መንታውን ከእጇ ተቀብሎ ተሸከመ። እሷ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ሦስቱንም ቫልቮች አንድ በአንድ እየነካ ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ቀኝ ክፍት፣ መሐል ክፍት፣ ግራ ክፍት። አልቀለደም። እሷም አልተቀየመችም። ካርዱ ላይ ፈርማ ሰጠችው።